«የታመሙት የተከተቡት ናቸው» ለሚሉን

ዛሬም እንዲህ የሚል ምስል ሲዘዋወር ዋለ፦ «ሆስፒታል ከገቡት አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው»። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ስለዚህ ክትባቱ አይሠራም» የሚለው ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ከ1000 ሰው 950ው ተከትቧል እንበል። ከእነሱ 19፣ ካልተከተቡት 50 ሰዎች ደግሞ 10 ታመሙ። ከ29ኙ ታማሚዎች 19ኙ የተከተቡ ናቸው፤ ምስሉ የሚያሳየው ይህንኑ ብቻ ነው። ስታሰሉት ግን ከተከተቡት የታመሙት 2 በመቶ፣ ካልተከተቡት 20 በመቶ ናቸው። አሥር እጥፍ!

ስለዚህ መጀመሪያ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜንም እዩ፤ አረጋውያን በብዛት ስለሚከተቡና በሽታውም ስለሚበረታባቸው፣ ሁሉንም ዕድሜ መደባለቅ ክትባቱን ደካማ ያስመስለዋል።

ጥናት ከተጠቀሰ አለመሰረዙን አጣሩ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ (1998 እ.ኤ.አ.) ያየው 12 ሕፃናትን ብቻ ነበር፤ መጽሔቱም በ2010 ሰርዞታል። ዛሬም ወላጆችን ለማስፈራራት ሲጠቀስ ማየት በጣም ያናድዳል።