የሄድፎን ጃክ እቤት ስቀይር የማደርገውና የተማርኩት

ጃክ የምለው የሄድፎኑ ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ስልክ ላይ የሚሰካውን ብረት ነው። የሄድፎን አንድ ጆሮ ሲዘጋ ብዙ ሰው ስፒከሩ ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። እኔ ከፈታኋቸው ውስጥ ግን የሚበዙት ስፒከራቸው ደህና ነው። የተበጠሰው ገመዱ ከጃኩ የሚወጣበት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ኪስ ውስጥ ሲታጠፍና ስልክ ላይ ሲጠቀለል ፀጉር የሚያህሉት ሽቦዎች አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ ላስቲኩ ግን ሳይነካ ስለሚቆይ ከላይ ምንም አይታይም።

ምንም ነገር ከመቁረጤ በፊት ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 200 ኦም ላይ አድርጌ ጃኩን እለካለሁ። ማይክ የሌለው ተራ ጃክ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት፤ እነሱም ብረቱን ለሦስት ይከፍሉታል። ጫፉ ግራ ነው፣ መሃሉ ያለው ቀለበት ቀኝ ነው፣ ከገመዱ በኩል ያለው ረጅሙ ክፍል የሁለቱ የጋራ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው። ሄድፎኑ ባለ 32 ኦም ከሆነ ጫፉም ቀለበቱም ከግራውንድ ጋር ሲለኩ 32 አካባቢ ማንበብ አለባቸው። ቴስተሩ ሲነካ በዚያው ጆሮ በኩል ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ድምፅ በኋላ ሽቦዎቹን ለመለየት ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግራውንዱ ሲበጠስ ነው። ሁለቱም ጆሮ ይሠራል፣ ክራሩም ከበሮውም አለ፣ ዘፋኙ ግን ጠፍቷል ወይም ከጎረቤት ቤት የሚዘፍን ይመስላል። ኤሌክትሪኩ በግራውንድ መመለስ ሲያቅተው በአንዱ ስፒከር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ በሁለቱም ቻናል እኩል የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የዘፋኝ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው መሃል ላይ፣ እኩል ነው። ከጫፉ እስከ ቀለበቱ 64 አካባቢ እያነበበ ሁለቱም ከግራውንድ ጋር ምንም ካላነበቡ የተበጠሰው ግራውንዱ ነው።

ቀጥሎ የተበጠሰበትን ቦታ ለማግኘት ቴስተሩ እንደተያያዘ ገመዱን ከጃኩ ጀምሬ በጥቂት በጥቂቱ አጥፋለሁ። ቁጥሩ የሚዘለው ጃኩ ሥር ሲታጠፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበት ወይም ጆሮው ሥር ሲሆን ከዘለለ ግን ጃክ መቀየር ልፋት ብቻ ነው።

ለሥራው ጫፉ የቀጠነ ከ25 እስከ 40 ዋት የሆነ ካውያ (የኤሌክትሪክ መበየጃ)፣ ፍላክስ (ሊዱ ሽቦው ላይ እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) በውስጡ ያለው 0.8 ሚሊ ሜትር ሊድ፣ ማለትም ቀልጦ የሚበይደው ሽቦ (60/40 የሚባለው ይቀላል፣ ቶሎ ይቀልጣል)፣ ምላጭ፣ ሽሪንክ ቲዩብ (ሲሞቅ የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ) እና ጃኩ ይበቃሉ። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ብየዳ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ፓስታ አትንኩት፤ ዛሬ ይይዛል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀጭኑን ሽቦ በልቶ ይበጥሰዋል። ጃክ ስትገዙ ሽፋኑን ፍቱና ውስጡን እዩ። ሽቦ የሚያያዝባቸው ምላሶች በጣት ሲነኩ የሚወዛወዙ ከሆነ በካውያ ሙቀት ፕላስቲኩ ለቅቆ እርስ በርስ ይነካካሉ። የሽፋኑ ቀዳዳም ለገመዳችሁ ይመጠን፤ ብዙዎቹ ጃኮች የተሠሩት ከሄድፎን ገመድ ለወፈረ ገመድ ነው።

ማይክ ያለው ከሆነ ሦስት መስመር ያለበት ባለ አራት ክፍል ጃክ ያስፈልጋል። በዛሬዎቹ ስልኮች ቅደም ተከተሉ ከጫፍ ጀምሮ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራውንድ፣ ማይክ ነው። አንዳንድ የድሮ ስልኮች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያገላብጡ ነበር። ተገላብጦ የተበየደ ጃክ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ድምፁ ባዶ ይሆናል፣ የማይኩን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ግን ይስተካከላል፤ ቁልፉ ማይኩንና ግራውንዱን ስለሚያገናኝ። የማይኩን ሽቦ የምለየውም በዚሁ ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ከግራውንድ ጋር ወደ ዜሮ የሚወርደው እሱ ነው።

ገመዱን ከጃኩ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ እቆርጣለሁ። የተቆረጠው መዳብ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከታየ ዝገት ገብቶበታልና የሚያበራ መዳብ እስኪገኝ ወደ ላይ መሄድ ነው። የውጩን ላስቲክ 15 ሚሊ ሜትር ያህል እገፋለሁ፤ ምላጩን ሳልጫን ገመዱን ከሥሩ አንከባልላለሁ፣ ከዚያ ሳጥፈው ራሱ ይሰነጠቃል። አሁን፣ ከብየዳ በፊት፣ የጃኩን ሽፋንና ሽሪንኩን ገመዱ ላይ ማስገባት። (ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳል።)

አብዛኛው የቤት ሙከራ የሚከሽፈው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። የሽቦዎቹ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዷን ክር የሸፈነ ቫርኒሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሊድም አይቀበልም። ራቁቱን የሚመስለው የመዳብ ቀለም ያለው ግራውንድም ብዙ ጊዜ ቀለም አልባ ቫርኒሽ አለው። ሳይነሳ ከተበየደ ሊዱ ሽቦውን ከቦ ይይዘዋል፣ ሲያዩት ያምራል፣ ድምፅ ግን የለም ወይም ይቆራረጣል።

ከሽቦው ጋር የተጠመደውን የናይለን ክር ለይቼ እቆርጣለሁ፤ ከቀለጠ ሊዱን ያበላሸዋል። ሽቦውን አጥብቄ ካውያው ጫፍ ላይ አዲስ የሊድ ጠብታ አደርግና የሽቦውን ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እዚያ ውስጥ እነክራለሁ። ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ ካላችሁ 380 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። መጀመሪያ ሊዱ ሽቦውን ይሸሸዋል። ትንሽ ጭስ ይወጣል (መስኮት ክፈቱ)፣ ከዚያ ቀለሙ ይጠቁርና ብርማው ሊድ በድንገት ሽቦው ላይ ይወጣል። እስከዚያ መታገሥ ነው፤ ካልያዘ ጠብታውን አራግፎ በአዲስ ሊድ መድገም፣ ፍላክሱ አንዴ ከተነነ አይሠራምና። ቫርኒሹን በላይተር ማቃጠልም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም። መዳቡ ተቃጥሎ ይሰባበራል፣ ጥቀርሻውንም መጥረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሊድ የያዙትን ጫፎች ጃኩ ላይ ሳላደርስ በቴስተር እለካለሁ። ብዙ ጊዜ ቀይ ቀኝ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ግራ ነው፤ ሆኖም ከቀለሙ ይልቅ «ጠቅ» የሚለውን ጆሮ አምናለሁ። አራት ሽቦ ወጥቶ ሁለቱ የመዳብ ቀለም ካላቸው የግራና የቀኝ ግራውንድ ናቸው፤ አጣምሮ አንድ ላይ መበየድ።

ጃኩን ስበይድ ከማይሠራ ዕቃ በወጣ የጃክ ማስገቢያ ላይ እሰካዋለሁ። መያዣ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ቢለሰልስም ቀለበቶቹ ከመስመር አይወጡም። ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ግን አትበይዱ። ምላሶቹን አስቀድሜ ሊድ አስይዛለሁ፤ የግራውንዱ ምላስ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ይጠጣልና ትንሽ ይቆያል። ከዚያ የውስጠኛውን፣ ማለትም የጫፉን፣ አስቀድሜ እያንዳንዱን በሁለት በሦስት ሰከንድ መንካት ይበቃል።

በመጨረሻ በፒንሳ የሚታጠፉት የጃኩ ገመድ መያዣ ጥርሶች መጨበጥ ያለባቸው የውጩን ላስቲክ ነው፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አይደለም። ገመዱ ከቀጠነ ሽሪንክ ሁለት ጊዜ ደርቤ አወፍረዋለሁ። በፒንሳ ከመጠን በላይ ከተጫናችሁት ግን ላስቲኩን በስቶ ያገናኛል።

ከዚያ እንደገና መለካት። ከ32 ይልቅ በሁለቱም በኩል 16 ካነበበ ግራና ቀኝ ተነካክተዋል፣ ስቴሪዮው ሞኖ ሆኗል (ሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል)። ዜሮ ካለ ያ ጆሮ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷልና ስልክ ላይ አትሰኩት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ድምፁ ከሳሳ፣ ባሱም ከጠፋ፣ አራት ሽቦ ባለው ገመድ ላይ የአንዱ ጆሮ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል።

ሽፋኑ ከተጠመዘዘም በኋላ ይለካ። የብረት ሽፋን ራሱ ግራውንድ ነው፤ የጫፉ ምላስ ላይ የቀረ የሊድ እብጠት ከነካው ሲከፈት የሚሠራው ሲዘጋ ጸጥ ይላል። እብጠቱን ቀንሶ ከሽፋኑ ጋር የሚመጣውን ፕላስቲክ ማስገባት፣ ከሌለ አንድ ዙር ናስትሮ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ካልሠራ ከቨሩን አውልቃችሁ ሞክሩ፤ አዲሱ ጃክ ከድሮው ስለሚወፍር ከቨሩ ቀዳዳ ላይ ተይዞ እስከ መጨረሻው አይገባም።