ቀበቶዬ ላይ የሚነዝረው ነገር

ቨርጂኒያ ውስጥ ዌርሀውስ በምሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ሱፐርቫይዘራችን የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥቁር ነገር አደለን። ቀበቶ ላይ ትሰካለች። ጉልበትህን ሳታጥፍ ከወገብህ ካጎነበስክ ወይም ዕቃ ይዘህ ከተጠማዘዝክ ትነዝራለች። ውስጧ ያለው፣ ስልካችንን ስናዞረው ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው ዓይነት የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው። ስንቴ እንዳጎነበስክም ትቆጥራለች።

«ጋሼ» የምንላቸው ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንድ ሰው አብረውን ይሠሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በነዘረችባቸው ቁጥር እጃቸውን ወደ ስልካቸው ይሰዳሉ። «ኧረ ዛሬ አገር ቤት ምን ሆነዋል፣ እንዲህ የሚደውሉት?» ሳቅን።

በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ። ምሳ የምንበላበት ክፍል ውስጥ ማን ስንቴ እንደነዘረበት በደረጃ የሚያሳይ ስክሪን ተሰቀለ። ጋሼ ከላይ ናቸው። «ትምህርት ቤት እንኳ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም» ብለው ቀለዱ፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። (ያን ስክሪን ማን እንዳሰበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።) በማግስቱ ሳጥኗን ከቀበቶአቸው ነቅለው ጋሪያቸው እጀታ ላይ ሰኳት። ጋሪ አያጎነብስ! በሳምንቱ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ስለ «መሻሻላቸው» አጨበጨበላቸው። እኔ ጋሪውን አይቻለሁ። ዝም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት የውሻ ምግብ ከረጢት ሊያነሱ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸው ቀጭ አለ። እዚያው እንደታጠፉ ቀሩ። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ ሌላው መደርደሪያው ላይ። «አትንኩኝ፣ አትንኩኝ» ይላሉ። አጠገባቸው ጋሪው ላይ ሳጥኗ አረንጓዴ መብራቷን እያበራች ነው።

ከዚያ ከደህንነት ክፍል አንዲት ሴትዮ መጣች። ማን ብዙ ነዘረበት ብላ አልጠየቀችም። የት ነው አለች እንጂ። ሳጥኖቹ የነዘሩበትን ሰዓት፣ ስካነሮቻችን (የዕቃውን ኮድ የምናነብባቸው መሣሪያዎች) የትኛውን ዕቃ መቼ እንዳነሳን ከመዘገቡት ጋር አስተያየችው። የሁላችንም ንዝረት የበዛው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። የውሻ ምግቡ ጋ!

ከረጢቱ 50 ፓውንድ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለዕቃ ማንሳት ባወጣው ቀመር ያስቀመጠው ከፍተኛው ክብደት 51 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ነው። እሱም ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው፤ ዕቃው ከወለል 75 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ሳይጠማዘዙ ሲነሳ። ቦታው ዝቅ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ክብደትም ይቀንሳል። የኛ ከረጢት ደግሞ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ የጣውላ ርብራብ) ላይ ነበር።

መፍትሔው አራት ባዶ ፓሌት ሥሩ መደርደር ሆነ። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። ስክሪኑም ወረደ።

ጋሼ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ጋሪው ላይ ስላየሁት ነገር ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። የተደረደሩትን ፓሌቶች ቆመው ቆጠሩ።

«ለዚህ ነው?» አሉ። «ለዚች ጣውላ?»

ከዚያ ሳጥኗን ከኪሳቸው አውጥተው ቀበቶአቸው ላይ ሰኳት።