10 ሰዓት ላይ የተቀዳው ደም

ባሕር ዳር ፋሲሎ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ሥራ ላይ ቶሎ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር፣ ፓራሲታሞል ገዝቶ የማይወጣ ወንድ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ነው። ሰውዬውም እንደዚያ ነበር። ኪኒኑን ኪሱ ከተተ፣ መልሱን ተቀበለ፣ ከዚያ ቆሞ የቫይታሚን ካርቶን ማንበብ ጀመረ። ደንበኛው ሁሉ ሲወጣ ጠጋ አለና «እህቴ፣ ወንድ ባለሙያ የለም እንዴ?» አለኝ። ምሳ ወጥቷል፣ ለእኔ ይንገሩኝ አልኩት። ትንሽ አመነታና ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

አንዱ ማዘዣ ነው፤ ቴስቶስትሮን ኢናንቴት (የወንድ ሆርሞን መርፌ) 250 ሚሊግራም፣ በየሦስት ሳምንቱ ጡንቻ ላይ የሚወጋ። ሌላው የላብራቶሪ ውጤት ነው፤ ቴስቶስትሮን 238። ብዙ ሐኪሞች ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን አነሰ ይላሉ፤ መስመሩን 264 ላይ የሚያሰምሩም አሉ። በየትኛውም ቢለካ የእሱ ዝቅተኛ ነው። ምልክትም አለው። ድካም፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ዓመት ሙሉ ሞክረው እምቢ ያለ ሁለተኛ ልጅ። ዕድሜው 38፣ ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልስ የጀልባ ሹፌር፣ ሆዱ ወጣ ያለ።

ዓይኔ የቆመው ግን ቁጥሩ ላይ አልነበረም። ከላይ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ተጽፏል። 10፡20 ይላል።

በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ጠዋት ነው። በእኛ ከሆነ ግን ቀኑ አልቋል። «ደሙን የሰጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልኩት። «አስር ሰዓት አለፍ ሲል። ከዘጌ መልስ፣ ጀልባዋን አስሬ፣ ቆሮሶ ዓሣዬን በልቼ፣ አንድ ቢራም ጠጥቼ» አለኝ፤ ቢራዋ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቴስቶስትሮን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይውልም። ጠዋት ከፍ ይላል፣ እየዋለ ይወርዳል። በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቢለካ ከጠዋቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ሊያንስ ይችላል። ምግብም ያወርደዋል። ስለዚህ ምርመራው በባዶ ሆድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ያውም ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። ትኩሳት ወይም ድንገተኛ ሕመም ላይ ያለ ሰው ደግሞ እስኪሻለው ይጠብቅ፤ ሕመሙ ብቻውን ሆርሞኑን ይጥለዋል።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው። «መቼም ይሄ መርፌ ልጁንም ያመጣልናል አይደል?»

ኧረ በጭራሽ! ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ትእዛዝ ከሌለ ደግሞ የዘር ሕዋስ ማምረቱ ይወርዳል፣ ጭራሽ ዜሮ የሚገባበትም ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ኢናንቴት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም እየሰጠ የወንድ የወሊድ መከላከያ እንዲሆን ሞክሮታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። መርፌው ሲቆም ምርቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ስፔሻሊስት የሚያዝዛቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። (ከጂም እየመጡ ያለ ማዘዣ ይህንኑ መርፌ የሚጠይቁኝ ጎረምሶች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ።)

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ማዘዣ ላይ ጥያቄ አለኝ ሲባል የሚቆጣ አለ፤ ይሄኛው አልተቆጣም። «ዶክተር፣ 10፡20 የሚለው በማን ሰዓት ነው?» አልኩት። «ጠዋት አይደለም እንዴ?» አለኝ። በልቶ ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ ልጅም እየሞከሩ እንደሆነ ስነግረው «በይ መርፌውን እንዳትሰጪው፣ ነገ ሳይበላ ይምጣ» አለ።

በሌላ ሁለት ጠዋት ተለካ፤ 347 እና 361። አንጎል የሚልካቸው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች፣ እንዲሁም ፕሮላክቲን የተባሉት ሆርሞኖች ታዩ፤ ደህና ናቸው። ሰውዬው ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ተናዶ መጣ። «እና ምንም የለብህም ነው የምትሉኝ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ከየት መጣ?» እውነቱን ነው። በመርፌ የሚያልቅ ነገር ቢሆንለት ይመርጥ ነበር፣ ማንስ አይመርጥም።

ድካሙ የመጣበት ቀስ በቀስ ተገኘ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩ 151፣ ሲደገምም የስኳር በሽታ ከሚባልበት ከ126 በላይ። ባለቤቱ አብራ መጥታ ደግሞ እሱ ያልነገረንን ነገረችን፦ ማንኮራፋቱን ጎረቤት ይሰማዋል፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ይልና እየቀሰቀሰችው ታድራለች። ሁለቱም ሰውን ያደክማሉ፣ ፍላጎት ይቀንሳሉ፣ ቴስቶስትሮኑንም ወደ ታች ይጎትታሉ። የዘር ፈሳሹም ተመረመረ፤ ቁጥሩ ሳሳ ያለ ቢሆንም አለ። መርፌውን ቢጀምር እሱንም ሊያጣው ይችል ነበር። አሁን ለስኳሩ ሜትፎርሚን ይወስዳል፤ ቢራውን ቀንሷል፣ ቆሮሶውን ማንም አልነካበትም።

ሆርሞናቸው በእውነት ያነሰ ወንዶች የሉም እያልኩ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የነበረው የብልት መቆም የጠፋ፣ ጢሙ የሳሳ፣ ጡቱ ያበጠ፣ በጆሮ ደግፍ ወይም በአደጋ የዘር ፍሬው የተጎዳ ሰው ሁለቴ ተለክቶ ዝቅ ካለ፣ ምክንያቱ ከታወቀና ልጅ የማይፈልግ ከሆነ፣ መርፌው ወይም ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ኑሮውን ሊለውጥለት ይችላል። ግን ክትትል አለው። ደም ሊወፍር ይችላል፤ ሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሕዋስ በደም ውስጥ ያለው ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል። ፕሮስቴትም ይታያል።

ያ ሐኪም አሁን የምርመራ ወረቀቱ ላይ በእጁ «ጠዋት፣ ሳይበላ» ብሎ ይጽፋል። ከላብራቶሪው የሚመጣው ወረቀት ግን ዛሬም በማን ሰዓት እንደሆነ ሳይለይ እንደ 10፡20 ያለ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው፤ ስለዚህ እደውላለሁ።