ዋይፋዩና የእማዬ ዳንቴል

ሰሞኑን ዋይፋያችን አበሳዬን አሳየኝ። ሳሎን ውስጥ እሺ ይላል፣ እኔ የምተኛበት ጓዳ ስገባ ግን አንዲት ጭረት ብቻ ትቀራለች፤ ማታ ማታማ ጭራሽ ይጠፋል። ደሴ ሸዋበር ያለው ቤታችን የጥንት ጭቃ ቤት ነው፣ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ያህላል።

መጀመሪያ የረገምኩት መስመሩን ነው፣ ያው ሁላችንም እንደምናደርገው። ከዚያ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን) ላይ ብሰካው ይከንፋል! መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው፤ ጣጣው ከራውተሩ ወዲህ ነው።

ራውተሩን እማዬ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወሽቃ፣ ዳንቴል አልብሳ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች። ስነካው እንደ ምጣድ ግሏል። "አቧራ እንዳይበላው ብዬ እኮ ነው ልጄ" አለችኝ።

አውጥቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ራውተራችን ዋይፋዩን የሚረጨው በሁለት ሞገድ ነው፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። ስልኬም የያዘው 5 ጊጋኸርዙን ኖሯል፤ እሱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ወኔው ይከዳዋል። ለጓዳ 2.4 ይሻላል። የማታውስ? ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሲገባ 2.4 ይጨናነቃል። እዚያ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች (ሞገዱ የተከፈለባቸው መንገዶች) 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በስልክ አፕ ሳየው ሰፈሩ በሙሉ 6 ላይ ተኮልኩሏል፣ እኛንም ጨምሮ። የራውተሩን አድራሻ (ከሥሩ ተለጥፏል) ብሮውዘር ላይ ጽፌ ገባሁና ወደ 11 ቀየርኩት።

ይሄን የምጽፈው ጓዳ ተጋድሜ ነው። ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተዛውሯል።