ከሌሊት ሥራ ስመለስ

ዛሬም ኦተሯን፣ ያችን የወንዝ አውሬ፣ አየኋት። ብቻዋን አልነበረችም፤ ሁለት ግልገሎች ተከትለዋታል።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተረኛዋ ስትመጣ ካፖርቴን ደርቤ በእግሬ እወጣለሁ። የምኖርባት ቴትፎርድ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቴት እና ሊትል ኡዝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች መሃሏ ላይ ይገናኛሉ። ቤቴ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ በየቀኑ የእግረኛውን ድልድይ እሻገራለሁ። በየካቲት በዚያ ሰዓት ገና እየነጋ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ጭጋግ ተኝቶበታል። ሰው የለም።

መጀመሪያ ያየኋት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጥኩም፤ እግሬ ዝሏል። ድልድዩ መሃል ስደርስ ከሥሬ የአረፋ መስመር ውሃውን ሰንጥቆ ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ብቅ አለ። ድመት ውሃ ውስጥ የወደቀች መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ጀርባዋ ታየ፤ ቀጥሎ ረጅሙ ወፍራም ጅራቷ። ገልበጥ ብላ ጠለቀች። ስትወጣ አፏ ውስጥ ዓሣ ይንፈራገጣል። ድንጋይ ላይ ወጥታ ከጭንቅላቱ ጀምራ በላችው። አጥንቱ ሲደቅ ይሰማኝ ነበር፤ ያን ያህል ቅርብ ነበረች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና መብላቷን ቀጠለች።

ኦተር ይሏታል። ላላያት ሰው እንዲህ ብል ይሻላል፦ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ፣ የብስ ላይ እንደ ውሻ የምትኖር አውሬ ናት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ትሆናለች። ጸጉሯ ቡናማና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጢሟ ረጅም ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ዓይን በማይሠራበት ጊዜ ዓሣው የት እንዳለ የምታውቀው በጢሟ ነው። በጣቶቿ መሃል እንደ ዳክዬ ቆዳ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቶሎ ቤት ለመግባት የምቸኩለው ነገር ቀረ። ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። የወንዙን ዳር ማየት ተማርኩ። ኦተር ክልሏን የምታስታውቀው በኩሷ ነው፤ ጎላ ያለ ድንጋይ ላይ፣ ድልድይ ሥር ትጥለዋለች። የዓሣ ቅርፊትና እሾህ ይታይበታል። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ግን ደግሞ እንደ ደረቀ ሣር ያለ ደስ የሚል ጠረን አለው። ግልገሎቹን ደግሞ ከማየቴ በፊት ነው የሰማኋቸው። እናታቸው ስትርቅ ስለታም ፉጨት ያሰማሉ። አንድ ዓመት ገደማ ከእሷ አይለዩም። አባትየው አያሳድግም፤ ማደን የምታስተምራቸው እሷ ብቻ ናት። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት አይቶ አንጀቱ የማይላወስ የለም።

አሁን ወደምጽፍበት ነገር ልምጣ።

ባለፈው ዓመት የእንግሊዝ በጋ ሲጀምር ነው። ከቤቴ ሁለት በር አለፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤት አሉኝ። ጡረታ የወጡ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ከባድ ዕቃ ስሸከም ካዩ ሳይጠየቁ የሚያግዙ። በረዶ በጣለ ጊዜ የበሬን ደጃፍ ጠርገውልኝ ያውቃሉ። ያን ጠዋት አጥራቸውን ሲቀቡ አገኘኋቸውና በደስታ ስልኬን አወጣሁ። የቀረጽኩትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ኦተሯ ትልቅ ዓሣ ይዛ ስትወጣ ነው የሚያሳየው።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ቪዲዮው እስኪያልቅ አዩት። «አዎ፣ ቆንጆ ናት» አሉኝና ብሩሻቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩት። ሌላ አልተናገሩም። ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ከጓደኞቻቸው ጋር በጋራ የሚከራዩት ከከተማው ወጣ ያለ ኩሬ አላቸው። ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱበታል። አጥምደው ይመዝኑታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ መልሰው ይለቁታል። አይበሉትም። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ዓሣ ለመብላት ካልሆነ ለምን ይጠመዳል? እሳቸው ግን ያንኑ ዓሣ በተለያየ ዓመት ደጋግመው ያውቁታል። ስም ይሰጡታል። ካርፕ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ አንዲት 14 ኪሎ የምትመዝን ዓሣ ታቅፈው ይስቃሉ። በመጀመሪያው ፎቶ ጸጉራቸው ገና አልሸበተም። በመጨረሻው ግን ነጭ ሆኗል። ዓሣዋ ያችው ናት።

ቪዲዮውን ካሳየኋቸው በፊት በነበረው የብርድ ወቅት፣ አንድ ጠዋት ኩሬው ዳር ተጥላ አገኟት። ጉሮሮዋ ስር ተበልታለች፤ ሌላው አካሏ እንዳለ ነው። ከእሷ በኋላ ሌሎች አሥር ዓሦች ሄዱ። በብርድ ወራት ካርፕ ይደነዝዛል፤ ኩሬው ግርጌ ተኝቶ አይንቀሳቀስም። ለኦተር እጅግ ቀላል ምግብ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በጣም ትልቅ የሆነ ካርፕ በሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። እሳቸው ግን ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላሉም። «የማውቃት ዓሣ ነበረች» ነው ያሉኝ።

ቪዲዮዬን ሳስበው አፈርኩ። ትልቅ ዓሣ አፏ ውስጥ ይዛ! ለማን ነው ያሳየሁት?

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ከኦተሯ ጋር ፍቅር ስለያዘኝ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቴንም መረዳት ስለፈለግሁ።

እንግሊዞች ኦተርን ለብዙ መቶ ዓመታት በውሻ ሲያድኑ ኖረዋል። ለዚሁ የተዳቀለ የራሱ የውሻ ዘር ነበረው። ሊያጠፋት የተቃረበው ግን መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዲየልድሪን የሚባል ፀረ ተባይ ገበሬው እጅ ገባ። የስንዴ ዘር ይታሽበታል፣ በግ ይታጠብበታል። ከማሳው ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ኦተር ገባ።

ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ የገበሬ ልጅ ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ሌሊት ስለ ኦተሯ ስነግራቸው፣ ወጣት ሳሉ እርሻው ላይ የሞቱ እርግቦች በቅርጫት ይለቀሙ እንደነበር አጫወቱኝ። ዘሩን በልተው ነው የሚሞቱት። «ወንዙም ያኔ ዝም አለ» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1979 መካከል በመላው እንግሊዝ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ የወንዝ ዳር ቦታዎች ተፈተሹ። የኦተር ምልክት የተገኘው በ170ዎቹ ብቻ ነው። ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም! በ1978 በሕግ ተጠበቀች፤ መርዙም ደረጃ በደረጃ ተከለከለ። እዚሁ እኛ አካባቢ ደግሞ ፊሊፕ ዌይር የሚባሉ ሰው በ1971 የኦተር ትረስትን መሠርተው ኦተር ማርባት ያዙ። በ1983 የመጀመሪያዎቹ በምሥራቅ እንግሊዝ ወንዝ ላይ ተለቀቁ። እስከ 1999 ድረስ ከመቶ በላይ ተለቀዋል። እኔ በየጠዋቱ የማያት የእነዚያ የልጅ ልጅ ልትሆን ትችላለች። በ2009 እና 2010 በተደረገው ቆጠራ ምልክቱ ከመቶው ቦታ በ59ኙ ተገኘ። በ2011 ኬንት ላይ ስትታይ፣ በእንግሊዝ ኦተር ያልተመለሰበት አውራጃ የለም ተባለ።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ሰዎች አምጥተው ለቀቁብን» ይላሉ። በእኛ አካባቢ እውነት አላቸው። በአገሪቱ ሁሉ ካየነው ግን አብዛኛዎቹ ወንዙ ሲጠራላቸው በራሳቸው እግር ነው የተመለሱት። ደግሞ ሲመለሱ የድሮ ምግባቸው የለም። ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ ነበር አጥብቀው የሚወዱት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ አውሮፓ ወንዞች የሚገባው የኢል ጫጩት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ወንዙ ውስጥ ኢል ያጣች እናት፣ አጠገቡ በዓሣ የታጨቀ ኩሬ ካገኘች ምን ታድርግ?

ይህን ስላቸው አልተቆጡም። «እሷን መች ወቀስኳት» አሉኝ። «ሁሉም ሰው እያጨበጨበ፣ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ብቻ መሆናችን ነው የሚያመኝ።»

ይህ ንግግራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በዚያው ሰሞን ፎገራ ያሉ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ ነው ቤታቸው፤ ዓሣ በማጥመድ ነው የኖሩት። ስለ ኦተሯ አወራኋቸው፤ ቪዲዮውንም ላክሁላቸው። ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህማ እኛም ጋ አለ!» አሉኝ። «መረቤን የሚቀደው እሱ አይደል? አምባዛውን ጎርሶ፣ ቆሮሶውን ገምሶ ይሄዳል። እናንተ ዘንድ ቆማችሁ ታዩታላችሁ?»

ጣና ዳር ተወልጄ ይህን አላውቅም ነበር። የእኛው ሌላ ዝርያ ነው፤ ከእንግሊዙ ይገዝፋል፤ የፊት ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም። እንደ ሰው እጅ ድንጋይ ሥር እየዳበሰ ሸርጣን ያወጣል። ያደግሁበት ወንዝ ዳር ሲኖር ኖሯል። እኔ ግን እሱን ለማወቅ ኖርፎክ ድረስ መጣሁ።

እዚህ ሰዎች ዓሣውን አጥምደው መልሰው እንደሚለቁት ስነግራቸው አጎቴ ዝም አሉ። «እሺ ይልቀቁት» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን መረብ የምገዛበት የለኝም። መረቡ ከተቀደደ ልጆቹ ምን ይበላሉ?» መልስ አልነበረኝም። ለአዲስ መረብ የሚሆን ገንዘብ ላክሁላቸው። ለአንድ መረብ ብቻ ነው የሚሆነው፤ አጎቴም ብቻቸውን አይደሉም የሚያጠምዱት።

እኔ ከኦተሯ ጎን ነኝ። ይህን ለጎረቤቴም ነግሬያቸዋለሁ። መርዝ ተመልሶ እንዲመጣ፣ ወንዙ እንደገና ዝም እንዲል አልፈልግም። ነገር ግን ማየት ደስ የሚለን ሰዎች ምንም አላጣንም። ሌሊቱን ደክሜ አድሬ በነጻ አይቼ፣ ተደስቼ፣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ያጡት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ደስታው የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ ይሁን ባይ ነኝ። እንግሊዝ ውስጥ ለዓሣ ማጥመጃ ኩሬዎች ማጠሪያ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ራሳቸው አጥማጆቹ ለፈቃድ ከሚከፍሉት የሚመጣ ነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ጉማራ ላይ ደግሞ ይህም የለም።

እነ ጎረቤቴ በመጨረሻ አጥር አጠሩ። የሽቦው ግርጌ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ አለበለዚያ ኦተር ቆፍራ ትገባለች። አናቱ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ አለበለዚያ ወጥታ ትዘላለች። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ምሰሶ ተሸከምኩ። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦም ይዤ ነበር። እጄ ለሳምንት ቆስሎ ሰነበተ። ጓደኞቻቸው የኦተር ወዳጅ መሆኔን ስለሚያውቁ መጀመሪያ ትንሽ ራቅ አሉኝ። ዳቦውን ቆርሼ ሳቀርብ ግን ቀረብ አሉ።

ኅዳር ላይ ጎረቤቴ ሌሊት በሬን አንኳኩ። ፈረቃ አልነበረኝም። ልብሳቸው በጭቃ ተለውሷል። ከከተማው መውጫ መንገድ ላይ ኦተር በመኪና ተገጭታ አግኝተው ኖሯል። ወንዝ ሲሞላ እንዲህ ይሆናል። ድልድዩ ሥር መረማመጃ ከሌለ ኃይለኛውን ውሃ ፈርታ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። መኪናቸውን አቁመው አንስተዋታል፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ አስቀምጠዋታል። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የሞቱ ኦተሮችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይመረምራል። በሰውነታቸው ውስጥ ምን መርዝ እንዳለ የሚታወቀው በዚያ ነው። የት እንደሚደወል ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

«ያንቺዋ እንዳትሆን ብዬ» አሉኝ። ባትሪ አብርተን አየናት። ወንድ ነበር። ትልቅ፣ አንገተ ወፍራም ወንድ። ሁለታችንም ተነፈስን።

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። የአረጋውያኑን መስኮት እየዘጋሁ ስዞር የማስበው ድልድዩን ነበር። ጠዋት ስወጣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ቡና መስሏል። በወትሮው መንገዴ አልሄድኩም። በአስፋልቱ ዞሬ፣ የመንገዱን ጠርዝ ግራና ቀኝ እያየሁ ሄድኩ። ምንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ድልድዩ ተመለስኩ፤ ሦስቱም እዚያ ነበሩ።