እራቴን ቀደም ካደረግኩ ወዲህ

ሰሞኑን ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ የተለካሁት ስኳር ከ100 በታች ሆነ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ለረጅም ጊዜ ከ100 እስከ 125 ባለው፣ ሐኪሞች ቅድመ ስኳር (የስኳር በሽታ ዋዜማ) በሚሉት ክልል ስመላለስ ነበር። ኪሎዬ ብዙም አልቀነሰም። የምበላውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የቀየርኩት ሰዓቱን ነው።

የጀመርኩት የምግብ ሰዓታችሁን እንደምትገድቡት እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። ቁርስ መዝለል፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መብላት፣ የቀረውን 16 ሰዓት መጾም። ስኳሬ ፈቀቅ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናትም በዚሁ ሰዓት የበሉትን በቀን ሦስቴ ከሚበሉት ጋር አነጻጽሮ፣ በክብደት ለውጥ የጎላ ልዩነት አላገኘም።

ከዚያ ስለ ሰውነት ሰዓት ማንበብ ጀመርኩ። ዋናው ሰዓት አንጎል ውስጥ ነው፤ የሚስተካከለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። ጉበት፣ ቆሽት፣ ጡንቻና ስብም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በአይጦች ላይ እንደታየው የጉበትን ሰዓት አጥብቆ የሚመራው የምግብ ሰዓት ነው። በማረፊያ ሰዓት ሲበላ የጉበት ሰዓት ከአንጎሉ ሰዓት ተለይቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሜላቶኒን አለ። ይህ የጨለማ ሆርሞን ከመኝታችን 2 ሰዓት ገደማ ቀድሞ መጨመር ይጀምራል፤ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ማመንጨቱንም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ያው ምግብ ማታ ሲበላ ስኳርን የበለጠ ከፍ ያደርጋል። ይህን በጣት መለኪያዬ ራሴ አየሁት። አንድ ዓይነት ምግብ፣ እኩል መጠን፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ማታ። የማታው ቁጥር ከፍ ብሎ ቶሎ አልወርድ አለ። ማንም ቢሰብከኝ እንደዚያ ቁጥር አያሳምነኝም ነበር።

ዋናው ፈተና ግን የምሽቱ ረሃብ ነው። እራቴን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጨርሼ፣ 2 ሰዓት ሲሆን ምንም ያልበላሁ ያህል ይርበኛል። ጠዋት ደግሞ ምግብ አያሰኘኝም። መጀመሪያ ፍላጎቴ ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ አዝን ነበር። ለካ ነገሩ ከሰውነት ሰዓት ነው! እንቅልፍና ምግብ በሙከራ ከቀንና ሌሊት ተለይተው ሲታዩ፣ የረሃብ ስሜት በራሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጣሪያ ይነካል። ይህን ሳውቅ ከራሴ ጋር መጣላት አቆምኩ። ረሃቡ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚሄድ መሆኑም ገባኝ።

የረዳኝ ምሽቱን መታገል ሳይሆን ጠዋቱን መሙላት ነው። ባያሰኘኝም ፕሮቲን የበዛበት ቁርስ እበላለሁ። ትልቁ ምግቤ ምሳ ሆነ። እራት ቀላል ነው፤ ግን አልዘለውም፤ ስዘለው ማታ መቋቋም ያቅተኛል። ከእራት በኋላ ደማቅ መብራት አጠፋለሁ፤ ቶሎ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ውጭ ብርሃን እወጣለሁ። ሰውነቴ ጠዋት ላይ መራብ የጀመረው ቀስ እያለ ነው፤ ሳምንታት ወስዷል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። «ስንት ሰዓት ጾምክ?» የሚለው ውድድር ሰልችቶኛል። «እራትህን ስንት ሰዓት ጨረስክ?» ተባባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ትንሽ ጥናት፣ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ለ5 ሳምንት የቀን ምግባቸውን በ6 ሰዓት ርዝመት ውስጥ በልተው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ጨረሱ። ክብደታቸው ሳይቀንስ ኢንሱሊናቸው የተሻለ ሠራ፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ለክብደት ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አትጠብቁ። በቻይና 139 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአንድ ዓመት ጥናት ላይ፣ ካሎሪ እኩል ሲቀነስ ሰዓት መገደቡ የጎላ የክብደት ልዩነት አላመጣም።

የቅዳሜና እሁድ ነገር እስካሁን አልተፈታልኝም። ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው ማታ ነው፤ ከወዳጅ ጋር መብላትን ለስኳር ቁጥር ብዬ መተው አልፈልግም። እነዚያን ምሽቶች አብሬ እበላለሁ፤ ማግስቱን ቁርሴን በሰዓቱ እበላለሁ።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ልምዳችሁን ንገሩኝ። ሌሊት እየሠሩ ምግብን በቀን ብቻ መብላት ስኳርን ከመዛባት እንደሚጠብቅ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በእውነተኛ ሥራ ላይ ሆኖ ያንን ሌሊት ሳይበሉ እንዴት እንደሚዘልቁት መስማት እፈልጋለሁ።