ስለ ተፈጥሮ የሚጠይቅ የፎቶ መጽሐፍ አሠራር

«ተፈጥሮ ውብ ናት» ለማለት ፍልስፍና አያስፈልግም፤ አንድ የግድግዳ ካላንደር ይበቃል። ፍልስፍና የሚጀምረው ፎቶዎቹ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲሰባሰቡ ነው፤ ጥያቄውም በካሜራ ሊፈተን የሚችል መሆን አለበት። «ተፈጥሮ ምንድን ናት?» ብሎ መነሣት አይሠራም። ማንኛውም ፎቶ መልስ ስለሚመስል የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወጣ መወሰን አይቻልም።

የግሪኩ ፈላስፋ ሄራክሊተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ያነሣውን እንውሰድ፤ ውሃው ሁልጊዜ ሌላ ከሆነ ወንዙን ያው ወንዝ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ይህ ለካሜራ የተመቸ ጥያቄ ነው። የካሜራው መዝጊያ ለ1/1000 ሰከንድ ብቻ ሲከፈት ጠብታው አየር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ለ30 ሰከንድ ሲከፈት ውሃው ጭጋግ መስሎ ድንጋዩ ብቻ ጥርት ብሎ ይታያል። ካሜራውን ከባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ሳያነሡ ሁለቱንም አንስቶ ትይዩ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ሙሉ ክርክር ነው። በቀን ብርሃን ለረጅሙ ፎቶ ብርሃንን በ10 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንስ ላይ የሚገባ ጥቁር መስታወት ያስፈልጋል (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ 1/30 ሰከንድ የነበረውን ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ያደርሰዋል። ትኩረቱን ፊልተሩ ከመግባቱ በፊት አስተካክሎ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) መቀየር ይገባል፤ በጨለማው ውስጥ ካሜራው ትኩረት ማግኘት ያቅተዋልና።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ስፒኖዛ ደግሞ ሰው የተፈጥሮ አካል እንጂ ከሕጓ ውጪ የቆመ አይደለም ይላል። ይህን ሐሳብ የያዘ መጽሐፍ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የእግር መንገዱን ከየፎቶው እየቆረጠ ካወጣ ራሱን ይቃረናል። በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደው ስህተት ይኸው ይመስለኛል፤ ጽሑፉ አንድ ነገር ይላል፣ የፎቶ ምርጫው ተቃራኒውን።

ምርጫው በስክሪን ላይ አይሆንም። እጩዎቹን በ10 × 15 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ወለል ላይ መዘርጋት ነው፤ ለ80 ገጽ መጽሐፍ ከ40 እስከ 50 ፎቶ ይበቃል። አንዱን ፎቶ ከተዘረጉት መካከል አውጡና ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ተመልከቱ፤ የእነሱ ትርጉም ካልተለወጠ ያወጣችሁት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጣም የሚወደደው ፎቶ ነው፣ ያማል፤ ግን ብቻውን የሚያምር ፎቶ የተከታታዩን ሐሳብ ያቋርጣል። ባዶ ገጽም አትፍሩ፤ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ ቦታ ይሰጠዋል። ከፎቶ ሥር ማብራሪያ አለማስፈር ይሻላል፤ ቦታውና ቀኑ መጨረሻ ላይ በዝርዝር ይግባ።

ወደ ህትመት ስንመጣ፣ 20 × 25 ሴንቲ ሜትር ገጽን ሙሉ የሚሸፍን ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2362 × 2953 ፒክስል ይፈልጋል። ጠርዝ የሚነካ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይጨመርበት፤ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ሊቀር ይችላል። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ መሀሉ ድረስ አይከፈትም፤ ስለዚህ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ፎቶ መሀል ላይ ያለው ዛፍ ይዋጣል። በክር የተሰፋ ጥራዝ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ዋናውን ነገር ከመሀል ማራቅ ነው። የወረቀቱ የቃጫ አቅጣጫ (ቃጫዎቹ የተደረደሩበት መስመር) ከመጽሐፉ ስፌት ጋር ትይዩ መሆኑን ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ። አቅጣጫው ከተገላበጠ ገጾቹ ይገትራሉ፣ ስፌቱ አጠገብም ይጨማደዳሉ።

ተፈጥሮን ለሚያሳይ መጽሐፍ ያልተቀባ (ማለስለሻ ልባስ የሌለው) ወረቀት ደስ ይላል፤ እጅ ላይ ሸካራ ነው፣ ብርሃንም አይመልስም። ነገር ግን ቀለም ስለሚመጥ ጥላው ይደፈናል፤ የደን ውስጥ ፎቶዎች ጥቁር ይሆናሉ። ጥላውን አስቀድሞ ማቅለል ያስፈልጋል። ሌላው ችግር አረንጓዴ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው የቅጠል አረንጓዴ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያው አራት ቀለሞች አይገኝም፤ ሲታተም ይደበዝዛል። የማተሚያ ቤቱን አይሲሲ ፕሮፋይል (ማተሚያውና ወረቀቱ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጡ የሚገልጽ ፋይል) ተቀብሎ በሶፍት ፕሩፍ፣ ማለትም ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ አስመስሎ ማየት፣ የስክሪኑንም ብርሃን ወደ 100 ካንዴላ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) በካሬ ሜትር ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። ከዚያም በጣም ጨለማውን፣ በጣም አረንጓዴውንና በጣም ፈዛዛውን ፎቶ መርጦ በትክክለኛው ወረቀት ላይ ናሙና ማሳተም፤ ሦስቱ ከተስተካከሉ ሌሎቹ እምብዛም አያስቸግሩም።